ላዩ ጋዝ፣ ታቹ መብራት

ከእንድሪስ መደብር፣ ሸዋ በር ዳገት ላይ፣
ሁለት ምድጃ አለ ጎን ለጎን የሚታይ።
አንደኛው ሙሉ ጋዝ፤
ከላይም ነበልባል፣ ከታችም ነበልባል፣
«መብራት ኖረ ቀረ፣ ለሱ ምን ጎድሎበት!» እንድሪስ ይምላል።
ሌላኛው ቅይጥ ነው፤
ላዩ ጋዝ ይጠጣል፣
አራት ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣
ሆዱ ግን በሽቦ፣ በመብራት ይግላል።

እኔ ሙሄ ይማም፣ የመብራት ሠራተኛ፣
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ከምሰሶ ምሰሶ ስንጠላጠል የማልተኛ፣
የዚህን ሽቦ ገመና ከኔ በላይ ማን ያውቃል?
ነፋስ ወደ ገራዶ አንድ ቅርንጫፍ ሲጥል ግማሽ ደሴ ይጠልቃል።
ያ የሆጤው ትራንስፎርመር እንደ አሮጌ አጫሽ ያስላል፣
ደመና ባየ ቁጥር ሰበብ ይፈልጋል።
«ስለዚህ» አልኳት ጦይባን፣ «ሙሉ ጋዙን እንውሰድ፤
የመብራት ሰው ቤት ዳቦ ጥሬ ቀረ ተብሎ ሰፈር መሐል ከምንዋረድ።»

ጦይባ አልመለሰች።
የቅይጡን በር ከፈተች፣
እስከ ክንዷ ገባች፣ ጥግ ጥጉን ዳበሰች፣
የታመመ ልጇን ግንባር የምትነካ መሰለች።
«ጋዙን» አለች «አውቀዋለሁ፤
እህቴ ቤት፣ ሐይቅ፣ ስጋግር ስንት ዳቦ ቀብሬያለሁ!
ከኋላ ያሳርራል፣ ከፊት ሊጥ ያስቀራል፣
ሳዟዙረው ሳዟዙረው፣ የሚበስለው በመጨረሻ የኔ ክንድ ይሆናል።
ሽቦው ግን ሙቀቱ ዙሪያውን ትክክል፣
የበኩር የመጨረሻ ልጅ ሳይል እኩል የሚያድል።
ደሞስ ሲሊንደሩ፣ እሱስ መች ታማኝ ነው?
ባለፈው ረመዳን ኮምቦልቻ ወረፋ ሁለት ቀን ቆመህ፣
ባዶውን ይዘህ ሄደህ ባዶውን ይዘህ የመጣኸው
አንተው አይደለህ?»

እንድሪስ በካልኩሌተር ጣቱን አሯሯጠ፤
«ቅይጡ በሰባት ሺህ ይበልጣል» አለና ዓይኔን ገላመጠ።
ሚስቴን ልጠቅሳት ስል ሚስቴ ቀድማ ጠቀሰችኝ፣
ማቀዝቀዣ ከተደረደረበት ጥግ ወስዳ እንዲህ አለችኝ፦

«ስማኝማ ሙሄ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ቃል ስሰማ፣
‹መብራት ሄደ› ሲሉኝ አንተም ሄድክ ማለት ነው፣ በዝናብ፣ በጨለማ።
‹መብራት መጣ!› ብለው ሕፃናት ሲጮሁ
ያን ጊዜ ነው ወጥህን የማሞቅ፣ ጫማህን ደጅ የምሰማ።
አንተን በጠበቅሁበት ስንት ሌት፣ ስንት ማታ፣
ዳቦዬም ይጠብቃ! እሱን ማን አደረገው ጌታ?»

ከፈልኩ። ምን ልበል?
በባጃጅ ተጭኖ፣ በጉም መሐል ለመሐል፣
ምድጃው እንደ ሹመኛ ቧንቧ ውኃ ወረደ፣
ጎረቤት በር ላይ ወጥቶ «ስንት?» እያለ ፈረደ።

ሐምሌ ላይ፣ ለነዘምዘም ኒካ፣ ማታ ሦስት ሰዓት፣
ዳቦው ገና ቀና ሲል ከኦቨኑ፣ ሄደ መብራት።
ስልኬም ወዲያው ጮኸ። ጦይባ ቀበቶዬን አቀበለችኝ፣
«ሂድ፣ ያንተንም የኔንም አምጣ» አለችኝ።

ሆጤ፣ ምሰሶ ጫፍ፣ ዝናብ ባንገቴ ወርዶ፣
ቁልቁል ሳይ ከተማው የለም፣ ጦሳም የለ፣ ገራዶ።
አንዲት ነገር ብቻ፣ ሥር፣ ቧንቧ ውኃ በኩል፣
ጥፍር የምታህል፣ ሰማያዊ፣ ስትዋልል።
የላይኛው ጋዝ ናት። ድስት ጥዳ ይሆናል።
እጄ ፊውዙ ላይ ቆየ፤ ልንገራችሁ፣ ቆየ፣
ዓይኔ ያቺን ነገር ጠግቦ እስኪያይ ዘገየ።
ከዚያ ገፋሁት።
ሕፃናት ጮሁ። ከተማው ቦግ አለ፣
ሰማያዊዋ ግን ከሺህ መብራት መሐል የት እንደገባች ማን አስተዋለ?

ቤት ስደርስ ወጡ ሞቋል፣ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤
ዳር ዳሩ አምሮበታል፣ መሐሉ ሰርጉዷል።
«ለኒካው» አለች ጦይባ «ሌላ አቡክቻለሁ፤
ይሄኛው የኛ ነው።»
መሐሉን ለኔ ቆረሰች።
ጥሬ ጥሬ ይላል።
በላሁት።